አጎቴን ዓሣ ያበላሁ ዕለት

ሰው ሲያረጅ ቂም ይረሳል ይሉኛል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቂሜ ግን አላረጀም። አጎቴ ከሞተ ስንት ክረምት አለፈ፣ ዛሬም ስሙ ሲነሳ አንጀቴ እርር ድብን ይላል። ጎረቤቶቼ ጸልይበት ይሉኛል። ጸልያለሁ፤ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች ከእኔ የይቅርታ ትምህርት አትጠብቁ። የምነግራችሁ የአባቴን ወንድም በመንጠቆ፣ በእርሳስና በእንሰት ቃጫ እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ ነው። አባቴ ሰው የሚቀናበት የእንሰት ጓሮ ነበረው። ያን ጓሮ ያቆመችው በእውነቱ እናቴ ናት፤ ፍጉን በቅርጫት ተሸክማ፣ ችግኙን አዛውራ ተክላ፣ ጉንፋን እንደያዘው ልጅ ስትንከባከበው ነው ያደገው። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ የመንደሩ ጭቃ ሹም ነበር፤ ግብር የሚያስከፍል፣ ከተማ ካሉ ሹሞች ጋር የሚበላና የሚጠጣ ሰው። ሰው ሁሉ ይፈራው ነበር። ሆዳምነቱም የታወቀ ነው፤ ሥጋ ያለበትን ቤት ሳይጠሩት ያገኘዋል ይባል ነበር፣ እውነትም ያገኘዋል።

እኔ ገና ጢሜ ሳያቀመቅም በጭነት መኪና ረዳትነት ከአገር ወጣሁ። አዲስ አበባ ትንሽ ከርሜ፣ ከዚያ መኪናው ሲወርድ አብሬ ወርጄ ምጽዋ ቀረሁ። የምጽዋ ሙቀት ለደጋ ልጅ ቅጣት ነው። ወደብ ላይ ጆንያ እሸከም ነበር። መርከብ በማይገባበት ቀን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ ያሳፍረኝ ጀመር፤ መቅዘፊያ የሚይዝለት ጉልበት ፈልጎ ነው እንጂ ለእኔ አዝኖ አልነበረም።

ጂግ የሚሉትን መንጠቆ ያየሁት እዚያ ነው። ስሙን የወሰዱት ከውጭ አገር መርከበኞች ነው። የመንጠቆው አንገት ላይ እርሳስ ቀልጦ ይፈስበትና ራስ ይሆነዋል፤ ከራሱ ሥር የዶሮ ላባ ወይም የፍየል ጠጉር እንደ ቀሚስ ዙሪያውን ይታሰራል። ትል የለው፣ ሥጋ የለው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ቀሚሱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የሚዋኝ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ትልቁ ዓሣ በአጠገቡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለእሱ ሆድ የተፈጠረ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ፍጡር ከውኃ ውጭም አውቃለሁ።

ሽማግሌው ጂጉን እስከ ባሕሩ ወለል ይለቀዋል፤ ከዚያ በክንዱ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ ያደርገዋል። ዓሣው የሚነክሰው ሲወርድ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ክሩን እንዳገኘሁ እየጎተትኩ፣ መዳፌን እየቆረጠኝ ስሳደብ ይስቅብኝ ነበር። በኋላ እጄ ለመደ። ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ ረጅም ዓሣ፣ ጉልበቱ የወይፈን የሚያህል የብር ቀለም ያለው ዓሣ አውጥቻለሁ። የጨው ውኃ ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ወደ ቤት ስንመለስ ጂጎቹን ሁሉ በመጠጥ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በዘይት ጨርቅ መጠቅለል የእኔ ሥራ ነበር። ያወጣነውንም ዓሣ ጠብሼ በላሁ። ጣፈጠኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የዚያ ሁሉ መከራ ምንጭ ይህች ጣፈጠችኝ የምትል ቃል ናት።

በእኛ አገር ያን ጊዜ ከውኃ የወጣ ነገር ምግብ አይባልም ነበር። ዓሣ የሚበላ ሰው ነውረኛ ነው፤ እባብ በላ ከሚሉት ብዙም አይለይም። እኔ አንድ ጊዜ አገሬን ልጠይቅ መጥቼ ስለ ባሕሩ ሳወራ፣ ዓሣ እበላለሁ አልኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ባሕር ያየሁ ነኝ ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። አጎቴ ግን አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ቁጭ አለና እንዴት ነው የሚበላው፣ ሽታው ምን ይመስላል፣ በስንት ቀን ትበላላችሁ እያለ በለሰለሰ አንደበት ጠየቀኝ። እኔ ሞኙ ሁሉንም ዘረዘርኩለት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፤ ትልቅ ሰው ስለ ኑሮዬ ጠየቀኝ ብዬ።

ከዚያ ተመልሼ ምጽዋ ሳለሁ አባቴ ሞተ። የነገረኝ ሆሳዕና ላይ ሱቅ ያለው አንድ የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ወደብ ድረስ ወርዶ አገኘኝ። መጀመሪያ ስለ አባቴ ነገረኝ። እዬዬ ብዬ አልቅሼ ሳበቃ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የቀረውን ነገረኝ። ለቅሶው ገና ሳይወጣ አጎቴ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ የወንድሜ ልጅ ባሕር ወርዶ ዓሣ በላ ሆኗል፣ ዓሣ የበላ ከጎሳው ማዕድ አይቀርብም፣ ማዕድ የማይቀርብ መሬት አይወርስም፣ ስለዚህ ወንድሜ ልጅ አልባ ነው የሞተው ብሎ አስፈርዷል። ሽማግሌዎቹ ዓሣውን ፈርተው አይደለም የፈረዱለት፤ እሱን ፈርተው ነው። እናቴን ከቤቷ አስወጥቶ ጓሮውን ወሰደ። እሷ ዶዮገና እህቷ ቤት ገብታ ከጥጆች አጠገብ ትተኛለች አለኝ።

ደሜ ፈላ። በዚያው ሳምንት ጓዜን ጠቅልዬ መንገድ ጀመርኩ። ጓዝ ማለት አንድ ብርድ ልብስ፣ ጥቅል የናይለን ክርና በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ ጂጎች ናቸው። ለምን እንደያዝኳቸው ያኔ አላውቅም፤ የራሴ የምለው ሌላ ንብረት ስላልነበረኝ ይመስለኛል።

እናቴን ከዶዮገና አምጥቼ ሆሳዕና አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከስታ ነበር። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ክሳቷ አይደለም፤ ጠዋት ስትነሳ እጇ የሚይዘው ሥራ አጥቶ ይቅበዘበዝ ነበር። ጓሮ የሌላት ሴት ምን ትሥራ? ስለዚያች መሬት ሌላ ነገር አትለኝም፤ እዚያ መሞት እፈልጋለሁ ብቻ ትለኛለች። እኔም ዱላ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጭንቅላቱን ለሁለት እከፍለዋለሁ እያልኩ ስፎክር ሰነበትኩ። አንድ ቀን እናቴ የምትፈትለውን አስቀመጠች።

«ብትመታው አንተ ትታሰራለህ፤ እሱ ጓሮዬ ውስጥ ያረጃል» አለችኝ።

ልክ ነበረች። መክሰስም አይቻልም፤ ችሎት ላይ የሚቀመጡት ሁሉ የእሱን ቅቤ የሚበሉ ናቸው። ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ። የጋሪ ፈረስ ያለው አንድ የከተማ ሰው ስለረዳኝ በጋሪ ሥራ እንጀራዬን እበላ ጀመር። አጎቴን በየገበያው አየዋለሁ። ካቦርቱን ደርቦ፣ በቅሎው ላይ ተቀምጦ፣ እኔን ሲያይ አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ያልፋል። አጠገቡ ያሉት ይስቃሉ። የት አባቱ! እንዲህ ያለውን ሰው በምን ላጥፋው እያልኩ አድር ነበር።

መልሱን ያገኘሁት በአንድ ሠርግ ላይ ነው። እንግዶቹን በጋሪ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዳስ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድልኝ ከበሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ክትፎ ቀረበለት። ሰውዬው ሳህኑን እንኳ አያይም። ዓይኑ ሌላው ሰው ፊት ያለው ክትፎ ላይ ነው፤ እጁ ግን ይዝቃል፣ አፉ ይውጣል፣ ቅቤው በአገጩ ይወርዳል። የሚበላውን ሳያይ የሚበላ ሰው መሆኑን ያን ቀን ልብ አልኩ። ያ ምጽዋ ያየሁት ትልቅ ዓሣ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አጎቴ ዓሣ ይበላል። እነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ይበላል። ከዚያ በራሱ ፍርድ ከመሬቱ ይነቀላል።

ለእናቴ ስነግራት ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ቅቤውን እኔ አነጥራለሁ ብቻ አለችኝ።

ዓሣ ግን በአካባቢያችን የሚሸጥ የለም። ራሴ ማውጣት ነበረብኝ። ከሆሳዕና ወደ ቆላው ወርዶ ሻሾጎ ላይ ቦዮ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ክረምት ሲሞላ ዳርቻው ሁሉ በሣርና በደንገል ይዋጣል፣ ጉማሬም አለበት። አምባዛ የሚሉት ዓሣ እንዳለበት ከብት ውኃ የሚያጠጡት ነገሩኝ፤ ለምን እንደምጠይቅ ግን ገርሟቸው ነበር። ወረድኩና የምጽዋውን ጂግ ወረወርኩ። እንደ ባሕሩ እስከ ወለሉ ለቀቅኩት። ሳብ ባደርገው አይመጣም፤ በኃይል ብስበው አንድ ክንድ ሣር ከነጭቃው ይዞ መጣ። ደግሞ ወረወርኩ፣ ደግሞ ሣር። ከቀትር በኋላ ጂጎቼ አንድ በአንድ ደንገሉ ውስጥ ተበጥሰው ቀሩ። ተናደድኩና ውኃውን በዱላ ደበደብኩት፤ ጉማሬው በአፍንጫው ሲነፋ ግን ሮጥኩ። እውነቱን ነው፣ ቤቱ ነው።

የባሕር ጂግ ለሐይቅ አይሆንም። ባሕሩ ጥልቅ ነው፣ ከባድ ራስ ይፈልጋል፤ ቦዮ ግን ጥልቀት የለውም፣ ያለው ሣር ነው። እዚህ የሚያስፈልገኝ ከሣሩ በላይ፣ ከውኃው ፊት በታች ቀጥ ብሎ የሚዋኝ ነገር ነበር። ከተማ ተመልሼ ከአንድ የወደቀ የመኪና ባትሪ እርሳስ አወጣሁ፣ በቆርቆሮ አቅልጬ በሸክላ አፈር ቅርጽ ውስጥ ትንንሽ፣ አፍንጫቸው የሾለ ራሶች አፈሰስኩ፤ የሾለ ራስ ደንገሉን ሰንጥቆ ያልፋል። መንጠቆው ሣር እንዳይዝ ከጋሪ ፈረሴ ጭራ ወፍራም ወፍራሙን ቆርጬ ከራሱ ላይ ወደ መንጠቆው ጫፍ የሚያዘነብል ጠባቂ አሰርኩለት። ጠጉሩ ለሣር ይጠነክራል፣ ለዓሣ አፍ ግን ይተኛል።

የቀረው ቀሚሱ ነበር። ላባ ሞከርኩ፤ ላባው ረጥቦ ይጣበቃል። ያን ጊዜ እናቴ ከገዛችው ቃጫ አንድ እፍኝ አነሳችና፣ ይሄን አልሞከርክም ወይ አለችኝ። ቃጫ ከእንሰት የሚወጣ ክር ነው፤ ገመድ እንሠራበታለን፣ ጆንያ እንሰፋበታለን። እናቴ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ እንደ ሰው ጠጉር አበጥራ አበጥራ አለሰለሰችው፣ ግማሹን በከሰል አጠቆረችው። ከእርሳሱ ራስ ሥር አሰርኩት። ሳፋ ውስጥ አዋኘሁትና ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። ቃጫው ሲከፈትና ሲዘጋ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ዓሣው እንቁራሪት መስሎት ነው የሚውጠው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እንግዲያው ከአጎትህ ብዙም አይለይም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከአባቴ ሞት በኋላ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

መስቀል ሲቃረብ እንደገና ቦዮ ወረድኩ። አሁን ሳብ ለቀቅ የለም። ወረወርኩና ወዲያው ክሩን በሁለት እጄ እያቀያየርኩ፣ ሳልቸኩል፣ ሳልቆም፣ አንድ ዓይነት አድርጌ ሳብኩት። ጂጉ በሣሩ ላይ ሽር ብሎ ሲመጣ ክሩ ጣቴ ላይ ይነግረኛል። ደንገሉን ነካ ሲያደርግ ጠባቂው ይታጠፋል፣ ያልፋል። እንዲህ ያለ አሳሳብ ለእኔ ዓይነቱ ቁጡ ሰው ከባድ ነው፤ እጄን በል በል ይለዋል። ግን የአጎቴን ፊት እያሰብኩ ስስብ እጄ ረጋ፤ ለካስ ቂም እንደዚህ ያረጋጋል። ድንገት ክሩ ከበደ፣ ሣር መሰለኝ፣ ከዚያ ሣሩ ራሱን ነቀነቀ። ዓሣው ደንገል ውስጥ ሊጠቀለል ሲሞክር ክሩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እንደ በሬ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ዳር ላይ ሲወድቅ አምባዛ ነው፤ ሰፊ ራስ፣ እንደ ሽማግሌ ረጅም ጢም፣ ጥቁር የሚያንሸራትት ቆዳ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። በዚያን ቀን ሌሎችም ያዝኩ።

አምባዛ ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸው፣ ጋሪዬ ላይ ጭኜ ሆሳዕና ስደርስ ገና ይተነፍሱ ነበር። እናቴ አይታቸው ፊቷን አጠቆረች። ዕድሜዋን በሙሉ የተጸየፈችው ነገር ነው። ሆኖም ቢላዋውን ራሷ ያዘች። ገፍፋ፣ በሎሚ አጥባ፣ አድቅቃ ከከተፈችው በኋላ ቀለሙ እንዳይለይ ጠንከር አድርጋ አበሰለችው። ኮረሪማውን፣ ሚጥሚጣውን፣ የተነጠረውን ቅቤ ሳትቆጥብ አፈሰሰችበት። ቀመስኩት። ዓሣ መሆኑን የማውቀው እኔ እንኳ ለመጠራጠር ምንም አልቀረኝም። ራሶቹን ግን አልጣልኩም፤ ከትልቁ ራስ ከንፈር ላይም ጂጉን ሳልነቅል ተውኩት።

ለማዕዱ ሰው የጠራችው እናቴ ናት። እኔ ዓሣ በላ ስለሆንኩ የእኔን ምግብ የሚቀርብ የለም፤ እሷ ግን ንጹሕ ናት። ለሽማግሌዎቹ መልእክት ልካ፣ የባሌን ለቅሶ አላወጣሁም፣ በዚህ መስቀል በመቃብሩ አጠገብ ባለው ዛፍ ሥር ላብላችሁ፣ ከዚያም የምለምነው ልመና አለኝ አለች። መቃብሩ ያለው በዚያው በተወሰደብን ጓሮ ውስጥ ነው። ሙት ልታከብር የመጣችን ሴት ማን እምቢ ይላታል? አጎቴም ፈቀደ። ደግ ሰው ይባልበታል፣ ሆዱም ይሞላበታል።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አጎቴ መሐል ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዱ ርቄ ከእንሰቱ ሥር ጆንያዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እናቴ ትኩስ ቆጮውን አነጠፈች፣ ክትፎውን በትልቅ ገበታ አቀረበች። አንድ ገበታ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ከአንድ ገበታ ነው የሚበላው። አጎቴ የመጀመሪያውን ጎረሰ። አኘከ፣ ዋጠ፣ ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አብልጦ ጠቀለለ። ከዚያ ሌሎቹ እጃቸውን ሰደዱ። እኔ ከሩቅ እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ብላ፣ አጎቴ፣ ብላ! እያልኩ በሆዴ።

ቅቤ የተቀባ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ «የማን በሬ ነው? እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም» አለ።

«የልጄ ነው» አለች እናቴ።

ሳቀ። ያ ዓሣ በላ ደግሞ በሬ ከየት አመጣ ብሎ ሌሎቹንም ሊያስቅ ሲል ተነሳሁ። ጆንያዬን ይዤ ሄጄ ራሶቹን ከገበታው አጠገብ ቅጠል ላይ ደረደርኳቸው። ትልቁን መጨረሻ ላይ አወጣሁ፤ ጂጉ ከከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቃጫው ደርቆ ተበትኗል።

«አጎቴ፣ የበሉት በሬ ይኸውልዎ። ጢሙን ይዩት» አልኩት።

ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ቅቤው ከአገጩ ሳይደርቅ ቀለሙ ሸሸ። አንዱ ሽማግሌ ዞር ብሎ አስታወከ። ሌላው እጁን ከፊቱ አርቆ ይዞ የእሱ እጅ እንዳልሆነ ሁሉ ያየው ጀመር። እኔ ዝም አላልኩም፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ያጠናሁትን ተናገርኩ። ዓሣ የበላ ከማዕድ አይቀርብም ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ መሬት አይወርስም ያለው እሱ ነው፣ አሁን እሱም በልቷል፣ ይውጣ አልኳቸው። ካልወጣ ይህን ራስ ይዤ ነገ ሆሳዕና ገበያ ላይ እቆማለሁ፣ ጭቃ ሹሙ ምን እንደበላ ለቆመው ለተቀመጠው አሳያለሁ አልኩ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ገበታው አንድ መሆኑ። እኔ የታየኝ የእሱ አፍ ብቻ ስለነበር፣ ሌሎቹም ከዚያው መብላታቸውን ከጉዳይ አልቆጠርኩትም። ከሁሉ ያረጀው ሽማግሌ፣ ዓይኑ የደከመ ግን አእምሮው ያልደከመ ሰውዬ፣ በበትሩ መሬቱን መታ መታ አደረገ። ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፤ ዓሣ መሬት የሚያስነጥቅ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የተቀመጥነው ሁላችንም መሬት የለንም፣ ልጆቻችንም የላቸውም። ስለዚህ ዓሣ ሰውን ከጎሳው አያወጣም፣ ያኔ የፈረድነው ስህተት ነው፣ መሬቱ ለሴትዮዋና ለልጇ ይመለስ። ሌሎቹ ወዲያው ተስማሙ። የሚገርመው ያስታወከው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ነው የተስማማው።

እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ሽማግሌው ቀጠለ። አጎቴን ግን ከመንደሩ ማስወጣት አይቻልም አለ። ከእናትህ እጅ በልቷል፤ ከእጅህ የበላን ሰው አታሳድድም፣ ማዕድ ከተካፈሉ በኋላ ቂም መያዝ የለም፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው አለ። እኔ ተቃጠልኩ። ያበላሁት ልነቅለው ነው እንጂ ልታረቀው ነው ወይ? ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ለእርቁ ማኅተም እናቴ ከአጎቴ እጅ አንድ ጉርሻ ትጉረስ ተባለ። አጎቴ ትንሽ መተንፈስ ጀመረ፤ እንዲያውም ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢጤ አየሁ። ከውርደቱ በቀላሉ ሊወጣ ነው። ራሱን አንስቼ ወደ ገበያ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ግን ገና አልተናገረችም ነበር። ከመቃብሩ አጠገብ ካለችበት ተነስታ መጥታ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ከእጁ እበላለሁ። መጀመሪያ ግን ወንድሙን የቀበረ ሰሞን ምን እንዳደረገኝ በገዛ አፉ ይናገር። እኔ አልናገርለትም» አለች።

አጎቴ ያለፈ ነገር ነው፣ የሰይጣን ሥራ ነው እያለ ሊያልፍ ሞከረ። ሽማግሌው ጆሮዬ አይሰማም፣ ጮክ በል አለው። እንደገና ሞከረ። እንደገና ጮክ በል አለው። እናቴ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ ነገር ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ ለቅሶ ላይ ሳለች ቤቷ ገባሁ አለ። አልወጣም ስትል ከምትቀመጥበት ምንጣፍ ላይ በእግሬ ገፍቼ ጣልኳት፣ ጠጉሯን ይዤ እስከ በሩ ጎተትኳት አለ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንዴም አልነገረችኝም። ብትነግረኝ እጄ ዱላ እንደሚመርጥ ታውቅ ነበር። የወንዱ ሁሉ አንገት ወደ መሬት ተሰበረ፤ እነዚያ ለዓመታት የፈሩት ሰዎች አንድ በአንድ ከአጠገቡ ሸሸት ሸሸት ብለው ተቀመጡ። ከእሱ ጎን የቀረ ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ እናቴ አፏን ከፈተች። አጎቴ ጠቀለለላት። ያን የተጸየፈችውን ዓሣ፣ ከዚያ ከምትጸየፈው እጅ ጎረሰች፣ ሳትቸኩል አኝካ ዋጠች። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ ቁጭ በሉ አለቻቸው። በእጇ ወደ አጥሩ አመለከተች። ቤቷንና የባሏን መቃብር ለያይቶ አጎቴ ያሳጠረው፣ በባሕር ዛፍ ግንድ የተሠራ ጠንካራ አጥር ነው። አሁን ይነቀል፣ እናንተም እያያችሁ አለች።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ግንድ ጨበጥኩ፤ በጥርሴም ቢሆን ልነቅለው ተዘጋጅቻለሁ።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «የተከለው ይንቀለው።»

አጎቴ ሽማግሌዎቹን አየ። ማንም ዓይኑን አላነሳለትም። ካቦርቱን አውልቆ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ግንዱን ነቅነቅ ማድረግ ጀመረ። ስንት ዘመን ሥራ ያልነካ እጅ ነው፤ ወዲያው ተላጠ። እናቴ ገበታውን ወደ ራሷ ሳበች፣ ቆጮ ቆረሰች፣ ከዚያም ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ የቀረውን ዓሣ በጉርሻ በጉርሻ ትበላ ጀመር። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አጎቴ የመጨረሻውን ግንድ ሲነቅል ገበታው ላይ ምንም አልቀረም ነበር።